ለፍቅሬ የቆረጥኩት ሾፌር

ዘንድሮ መጋዜን ሰቅዬ ቤት ገባሁ። እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ እጁ የሚንቀጠቀጥ አናጢ ደግሞ ወይ ጣቱን ይቆርጣል ወይ የሰው እንጨት ያበላሻል። ሽኝት አደረጉልኝ። ሻይ ጠጣን፤ አንድ አለቃ ንግግር አደረገ፤ ስሜን ሁለት ጊዜ ተሳሳተ። የጡረታ ወረቀቴን ለማስጨረስ የተመላለስኩትን እግዜር ይቁጠረው፤ እሱን ማንሳት አልፈልግም፣ ደሜን ያፈላዋል።

እኔ በላቸው ነኝ። አባቴ ጎጃሜ፣ እናቴ የነቀምቴ ልጅ፤ በአማርኛ ተቆጥቼ በኦሮምኛ የምታረቅ ሰው ነኝ። በቀደም ለት እዚህ ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር ጎረቤቴ የሆነ አስተማሪ፣ ዘመዱ ከውጭ ያመጣለትን የጎልፍ ዱላ ሊያሳየኝ መጣ። ጭንቅላቱን በጥፍሬ ቆርቆር ባደርገው ባዶ ጣሳ ነው።

"ብረት ነው እንዴ?" አልኩት።

"አዎ ጋሼ፣ ስሙ ግን እንጨት ነው። አንድ ቁጥር እንጨት ይሉታል። ለመሆኑ ጎልፍን የት ያውቁታል?"

አይ ልጅ! በጃንሆይ ጊዜ ሰባት ዓመት ሙሉ የጎልፍ እንጨት ሳበጅ፣ ስመርጥ፣ ስቆርጥ ነው የኖርኩት። ያን ቀን ለአስተማሪው ከዚህ በላይ አልነገርኩትም። ዱላውን ከጨበጥኩ ጀምሮ ግን እንቅልፍ አጣሁ፤ ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

ሥራ የጀመርኩት አኖ የምትባል ቦታ፣ ጣውላ መሰንጠቂያ ውስጥ ነው። አለቃችን ከሞተሩ ድምፅ በላይ የሚጮህ ሰው ነበር፤ ሞተሩ ጠፍቶም ይጮሃል። እዚያ የተማርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርጥብ እንጨትን ከደረቅ መለየት። ከዚያ ከጊምቢ ወዲያ ያለ የማዕድን ካምፕ አናጢ ይፈልጋል ሲባል ሄድኩ። ወርክሾፑ ውስጥ የፈረንጆቹ መሐንዲስ ተቀበለኝና ከአንድ ሽማግሌ ጋር አቆመኝ። ሽማግሌው ኦቦ ዲሳሳ ይባላሉ። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና "አካም ጂርታ? ትቸኩላለህ" አሉኝ። ገና አፌን አልከፈትኩም እኮ!

ካምፑ የጎልፍ ሜዳ ነበረው። ከጫካው ተመንጥሮ የወጣ ሜዳ ነው፤ ኳሷ የምትገባባቸው ጉድጓዶች ዙሪያ ሣር አልይዝ ስላለ በተቃጠለ የሞተር ዘይት የታሸ ጥቁር አሸዋ አነጠፉበት። ክረምት ጭጋጉ ሲወርድ ኳሷ ተመትታ ነጩ ውስጥ ትገባለች፤ ከዚያ ማረፏን በጆሮህ ነው የምታውቀው። አንዳንዴ ታዲያ ኳሷ ካረፈች በኋላ፣ ከጫካው በኩል ሌላ ሰው የመታ የሚመስል ድምፅ ይመጣል። ፈረንጆቹ የገደል ማሚቶ ነው ይላሉ። በዚያ በኩል ገደል አልነበረም።

ትልቁን ዱላ ድራይቨር ይሉታል። የካምፑ ሰው ድራይቨር ማለት ሾፌር መሆኑን ስለሚያውቅ ስሙ ሾፌር ሆኖ ቀረ። አንድ ቀን ከሜዳው ወደ ወርክሾፑ እየሮጥኩ "ሾፌሩ አንገቱ ተሰብሯል!" ብዬ ብጮህ የክሊኒኩ ድሬሰር ቃሬዛ አስይዞ ከተፍ አለ። ነገሩን ሲረዳ ሊገድለኝ ነበር።

ያኔ ጭንቅላቱ እውነተኛ እንጨት ነው። ከታች የነሐስ ሳህን በቡሎን ይታሰርበታል፤ አንገቱ በሰም በተነከረ የጫማ ሰፊ ክር ይጠመጠማል። በጋ እንጨቱ ይኮማተርና ክሩ ይላላል፤ ክረምት ያብጥና ሳህኑን ይገፋል። አንዱ ሲሰነጠቅ ከውጭ እስኪመጣ መንፈቅ ይፈጃልና እኛው እንተካለን። ዋንዛ ሞከርን፣ ቀለለ። ወይራ ሞከርን፣ ከበደ። በመጨረሻ ኦቦ ዲሳሳ ያረጀ የቡና ግንድ ከነሥሩ ነቅለው አመጡ፤ ጅማቱ ከአንገት እስከ ፊቱ ቀጥ ብሎ የሚወርደውን ጠርበን በተልባ ዘይት አጠጣነው። መሐንዲሱ መትቶበት "ከአገሬ ከሚመጣው ይሻላል" አለ። እኔ በኩራት ልሞት ደረስኩ፤ እሳቸው መላጊያቸውን ይስላሉ።

መምረጡን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ደንበኛ ሲመጣ ዱላ አያሳዩትም። "ሂድና ተመለስ" ይሉታል፤ ከኋላው ሆነው አካሄዱን ያያሉ። ቸኩሎ የሚረግጥ ሰው ዘንጉ ግትር ይሁንለት፤ ዝግ ላለ ሰው ለስለስ ያለ ዘንግ ነው የሚሻለው፤ ግትሩን ከሰጠኸው ኳሷ ወደ ቀኝ እየሸሸች ታቃጥለዋለች። ሾፌር ፊቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ኳሷ ችካል ላይ ካልተቀመጠችለት አያነሳትም። ሦስት ቁጥር ፊቱ ትንሽ ወደ ኋላ ይላል፤ ከሣር ላይ ያነሳል። አምስት ቁጥር አጭር ነው፣ ረጅም ሣር ውስጥ ገብቶ ያወጣል። "ግማሹ ፈረንጅ ሾፌር የሚይዘው ለጉራ ነው" ይሉ ነበር፤ "ሦስት ቁጥሩን ቢይዝ ከነክብሩ ይገባል።" እውነታቸውን ነው። እኔም ከዚያ ወዲህ ሰው ከአቅሙ በላይ ሲይዝ ሳይ፣ ሦስት ቁጥር አንሳ እላለሁ በሆዴ።

ርዝመቱን ግን የሚለኩት በስንዝራቸው ነው። ሰውዬው ጫማውን እንዳደረገ እጁን ያወርዳል፤ ከእጅ አንጓው እስከ መሬት ስንዝር በስንዝር ይወርዳሉ። ሜትር ካለ በሜትር። በዱላ ሕያው ሰው አይለኩም። ዱላ የሬሳ ነው። ካምፑ ውስጥ ሰው ሲሞት ሣጥኑን የሚሠሩት እሳቸው ናቸው፤ በጓዳው ክፍል፣ ብቻቸውን። አዲስ ዱላ ቆርጠው፣ ልጠው፣ በሟቹ ቁመት ልክ ያሳጥሩታል፤ ሁለቱም ጫፍ ላይ ሦስት ሦስት ጭረት ያደርጉበታል። ዱላው አይጣልም፣ አይነድም። ከባለቤቱ ጋር መቃብር ይገባል። ይህን ሁሉ ያወቅኩት በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው ሽማግሌው ዱላ እንደማይወዱ ብቻ ነበር፤ የእርጅና ነገር ነው ብዬ እስቅባቸው ነበር። ዘመናዊ ነኝ ባይ ነበርኩ።

ፍቅሬ የካምፑ ራዲዮ ሠራተኛ ነው። የሸዋ ሰው፣ ረጅም፣ መለሎ፣ ሲስቅ ጣራ የሚነካ የሚመስል። ካምፑ ውስጥ ከሁሉም የምወደው ጓደኛዬ እሱ ነበር። ከእኛ ሰው መጀመሪያ ጎልፍ እንዲጫወት የተፈቀደለት እሱ ነው፤ በተውሶ አጭር ዱላ እየመታ ወገቡን ይታመማል። "በላቸው፣ የራሴን ሾፌር ቁረጥልኝ እንጂ" አለኝ። መሐንዲሱም ፈቀደ። ከውጭ የመጣ ሰንጠረዥ ሰጠኝ፤ የሰውዬውን ሙሉ ቁመትና ከእጅ አንጓው እስከ መሬት ያለውን ካወቅህ የዘንጉን ርዝመት ይነግርሃል።

ሐምሌ ነው፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ገደማ። ጭጋጉ በሩ ላይ ቆሟል። ኦቦ ዲሳሳ ለጣውላ ወደ ግምጃ ቤት ወርደዋል፤ ሜትሩን ቀያሾች ወስደውታል። ፍቅሬ ሥራ ሊገባ ይቸኩላል፣ እኔም እቸኩላለሁ። ከበሩ ጀርባ አንድ የተላጠ ነጭ ዱላ ቆሟል። አነሳሁት።

"ቀጥ በል" አልኩት። አጠገቡ ባቆመው ጫፉ ከአናቱ ጋር እኩል። እጄን ባልፍበት ፀጉሩንና እንጨቱን አንድ ላይ ነው የዳሰስኩት።

"እንዴ፣ ተለክተህ አልቀሃል እኮ!" ብዬ ሳቅኩ። የአንጓውን ብቻ በእርሳስ ምልክት አድርጌ ሸኘሁት።

ኦቦ ዲሳሳ ተመልሰው ዱላውን ጠረጴዛው ላይ ሲያዩት ጣውላውን ከትከሻቸው ጣሉት።

"ሙከ ከነ ኤኙቱ ሙሬ?" ይህን እንጨት ማን ቆረጠው?

"እርስዎ አይደሉም እንዴ? ከበሩ ጀርባ ነው ያገኘሁት።"

እሳቸው አልነበሩም። ያን ሰሞን የሞተ ሰው የለም። ዘበኛውን ጠየቅን፣ ግምጃ ቤቱን ጠየቅን፤ ማንም አላስገባም። ጫፎቹን አገላብጠው አሳዩኝ፤ ሦስት ጭረት፣ ሦስት ጭረት። የእጃቸው ጽሑፍ ነው ማለት ይቻላል። ያኔ ነው የሬሳ ዱላውን ሕግ የነገሩኝ። እንጨቱን አሸተቱት፣ በጉልበታቸው ሞከሩት፣ በጣታቸው መቱት። የወለጋን ዛፍ ሁሉ በጠረኑ ያውቃሉ፤ ይህን ግን አላወቁትም። ሲመቱትም ድምፅ አልነበረውም።

"ማንን ለካህ?"

ነገርኳቸው። ቁጭ አሉ። "እንዳትነግረው፤ ኢልመኮ፣ ልጄ፣ አደራ" አሉኝ። ዱላውን ጓዳው ውስጥ አግድም አስቀመጡት። እኔ የጣውላ መሰንጠቂያ ልጅ ነኝ፤ እርጥብ ዱላ እሳት ባለበት ክፍል በሳምንት እንደሚደርቅ አውቃለሁ። ያ ዱላ በወሩም እጅ ያረጥባል።

ሾፌሩን ግን ሠራሁት። ፍቅሬ ዝግ ብሎ የሚወዛወዝ ሰው ነውና ለስለስ ያለ ዘንግ መረጥኩለት፤ ከቡና ግንድ የጠረብነውን ጭንቅላት ፊቱን ትንሽ ወደ ኋላ አስተኛሁለት። አሁን ስናገር ራሴን ማወደስ ይሆንብኛል እንጂ፣ ከሠራሁት ሁሉ እንደሱ የተዋጣ የለም። የመጀመሪያ ቀን ሲመታ ፈረንጆቹ አጨበጨቡ። ጠፍቶ የነበረው ወገቡ ተመለሰ።

እንግዲህ የጥፋቴ ጥፋት እዚህ ላይ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አብሬው ሜዳ ወጣሁ። ፍቅሬ አንዷን ኳስ አጣሞ ጫካ ከተታት። እንዲህ ሲሆን ሁሌም እንሰዳደባለን። እኔ አፌ! "ምን ይደረግ፣ በሬሳ ልክ የተቆረጠ ሾፌር ጫካውን ቢወድ ምን ይገርማል!" አልኩት። እሱ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ እሱ ሾፌሩን አውርዶ ዞረብኝ።

"የምን ሬሳ?"

ቢሸፍኑት የሚሸፈን ነገር ነበር። እኔ ግን ውሸት ሲያጥረኝ እውነቱን የምዘረግፍ ሰው ነኝ፤ ዱላውን፣ ጭረቱን፣ እርጥበቱን፣ ሁሉንም ነገርኩት። ምላሴን ቆርጬ ብጥላት ምን ነበረበት!

በሳምንቱ ወርክሾፕ መጣ። "ይህ ሾፌር ረዝሞብኛል፤ ጣት ያህል ቁረጥልኝ" አለ። አጠገቤ ሲቆም ነው ያየሁት፤ ጎብጧል። የመያዣውን ቆዳ ፈትቼ ዘንጉን ቆረጥኩ፣ የጎደለውን ክብደት ከነሐሱ ሥር በቀለጠ እርሳስ ሞላሁት። በአሥራ አምስት ቀኑ ተመለሰ፤ "አሁንም ረዝሟል።" እንደገና ቆረጥኩ። በጥቅምት ሾፌሩ ከሦስት ቁጥሩ አጠረ። አጭር ሾፌር ምን ይሠራል? እኔ ዘንጉን በቆረጥኩ ቁጥር ሰውዬው ወደ መሬት ይወርዳል።

"ፍቅሬ፣ ቀና በል እንጂ" አልኩት አንድ ቀን፤ ልቤ ቆስሎ።

"ቀና ስል የዱላው ልክ እሆናለሁ" አለኝ። "እንደተገተርኩ ያገኘኝ ለታ ያበቃልኛል። ልኩ ካልሆንኩ አይወስደኝም።" ጣራ የሚነካው ሰው! ራዲዮው ፊት እንኳ አገጩን ከጉልበቱ ጋር አድርጎ ነው የሚቀመጠው። ምግብ ተወ። ድሬሰሩ ቪታሚን ሰጠው፤ ቪታሚን ምን ያደርግለታል። ሌሊት እንኳ ጉልበቱን አቅፎ እንደሚተኛ አብሮት የሚያድረው ልጅ ነገረኝ። የሚሞተው በዱላው ሳይሆን በኔ ወሬ መሆኑን አየሁ።

ኦቦ ዲሳሳ ያን ጊዜ ደረታቸውን ታመው ቤታቸው ተኝተዋል። ሄጄ እግራቸው ላይ ወድቄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይረግሙኛል ብዬ ነበር። "አምጣው፤ ዱላውንም አምጣ" አሉኝ።

ፍቅሬን ደግፌ አመጣሁት። ኦቦ ዲሳሳ ዱላውን ደረታቸው ላይ አጋድመው ያዙ።

"ይህ የኔ ነው" አሉት። "ሕመሙ ሲጀምረኝ ለራሴ ቆርጬ ረሳሁት። ሰው ሲያረጅ ይረሳል። ይህ ቂል ደግሞ የኔን ዱላ አንስቶ አስደነገጠህ።"

"እርስዎ እንዲህ ረጅም ነዎት?" አለ ፍቅሬ።

"ድሮ ነበርኩ። ዱጋዳ፣ ልጄ፣ እውነት ነው። እርጅና አሳጠረኝ፤ ስሞት እዘረጋለሁ።"

ከቤቱ ስንወጣ ፍቅሬ ክንዴን ያዘኝ። "ዱላው ከሳቸው ጋር ሲገባ፣ ገጥሞ ሲገባ በዓይኔ ካየሁ አምናለሁ" አለኝ። ወገቡ ያው እንደ ጎበጠ ነው።

ኦቦ ዲሳሳ በኅዳር መጨረሻ፣ ረፋዱ ላይ አረፉ። ሣጥናቸውን የምሠራው እኔ ነኝ። ሰዎች አጥበው ገነዟቸው፤ ከዚያ ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ብቻ ቀርተው እኔ ዱላውን ይዤ ገባሁ። ከጎናቸው ዘረጋሁት። ተረከዛቸውን ከአንዱ ጫፍ አስተካክዬ ወደ ራሳቸው ስሄድ፣ ዱላው ስንዝር ከአራት ጣት አልፏቸው ሄደ።

አዴ ጫልቱ አዩኝ። "እሱ መቼ ረጅም ሆኖ ያውቃል" አሉ ቀስ ብለው። "ሲያገባኝም ጆሮዬ ድረስ ነበር።" ከዚያ ፍቅሬ በግቢው ውስጥ ጎብጦ የተቀመጠበትን በመስኮት አዩት። ባላቸው ምን እንዳደረገ ያን ጊዜ ገባቸው መሰለኝ። "እሱ ያለውን አድርግለት" አሉኝና ወጡ።

ወርክሾፕ ገብቼ ጣውላውን በዱላው ልክ ቆረጥኩ። በሥራ ዘመኔ በሮች፣ አልጋዎች፣ የጎልፍ እንጨቶች፣ ስንት ነገር ለክቼ ቆርጫለሁ፤ እያወቅሁ አሳስቼ የቆረጥኩት ያንን ብቻ ነው። እያለቀስኩ ነው የመታሁት፣ ምስማሩ አይታየኝም። ራስጌውን ባዶ የቀረውን በመላጊያ ፍቅፋቂ ሞልቼ ነጠላ አለበስኩት። ሬሳው ሲገባ ማንም ልዩነቱን አላየም። ክዳኑ ከመመታቱ በፊት ፍቅሬን ጠራሁት። ዱላውን በጎናቸው አስገባሁ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዝንፍ ሳይል ገጠመ። አሁንም እርጥብ ነበር። ፍቅሬ ሁለቱንም ጫፍ እያፈራረቀ አየ።

አራት ሆነን ተሸከምን። ፍቅሬ ከፊት በግራ፣ እኔ ከኋላው፤ ራስጌው በኔ በኩል ነው። መንገዱ ቁልቁል ወርዶ ወንዝ ይሻገርና መቃብሩ ወዳለበት ዳገት ይወጣል። ቁልቁለቱን ፍቅሬ ጎብጦ ወረደ፤ ሌሎቹ በሱ ምክንያት ተደናቀፉ። ወንዙን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር ትከሻው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ቀስ እያለ፣ አጥንቱ እየተንቋቋ፣ ቀና አለ። ከአራት ወር በኋላ ቁመቱን አየሁት። እልል ማለት አማረኝ፣ በቀብር ላይ!

እሱ ቀና ሲል ሣጥኑ ከፊት ተነሳ። ፍቅፋቂው አልያዘም። ኦቦ ዲሳሳ ወደ እኔ ተንሸራተቱና ራሳቸው በጆሮዬ በኩል ጣውላውን ኳ አደረገው።

ሰዎቹ ልቅሶ ላይ ስለነበሩ አልሰሙትም። ፍቅሬ ግን ቆመ። ፊቱን ሳያዞር፣

"በላቸው" አለኝ። "ልክ ነው?"

"ልክ ነው" አልኩት።

ከዚያ ቀጥ እንዳለ ዳገቱን ወጣ፤ እኔም የኦቦ ዲሳሳን ራስ ከጣውላው ማዶ ትከሻዬ ላይ ይዤ ተከተልኩት።